የእጅ ቡና መፍጫ፦ ቪዲዮው 24 ክሊክ ይላል፣ ቡናዬ ግን ኮመጠጠብኝ

ሰባ ደረጃ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:15

ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ ከውጭ ስትመጣ የእጅ ቡና መፍጫ ይዛልኝ መጣች። ጥርሱ ብረት ነው፤ ከሥሩ የሚዞር ማስተካከያ አለው፣ ሲዞር ቀጭ ቀጭ ይላል። አንድ ሙሉ ዙር 12 ክሊክ ነው። አብሮት የመጣው ወረቀት በወረቀት ማጥለያ ለሚፈላ ቡና ከ22 እስከ 26 ይላል። ያየሁት ቪዲዮም 24 ላይ ፈጭቶ፣ በ15 ግራም ቡና ላይ 250 ግራም ውሃ አፍስሶ፣ በ3 ደቂቃ ጨርሶ ሲጠጣ ፊቱ ይበራል።

እኔም አንድ ሳላጓድል እንደሱ አደረግኩ። ውሃው በ1 ደቂቃ ከ40 ወርዶ አለቀ። መልኩ ሻይ፣ ጣዕሙ ሎሚ የነካው ውሃ ሆነ። በማግስቱ 12 ላይ አደረግኩት። አሁን ደግሞ ውሃው ማጥለያው ውስጥ ተኝቶ ቀረ፤ 6 ደቂቃ ፈጀ፣ የወጣውም መራራና አፍ የሚያደርቅ ነው። መካከሉ 18 ነው ብዬ እሱን ያዝኩ። እሱም አንድ ቀን ግሩም ይሆናል፣ ሌላ ቀን ይኮመጥጣል።

ቡናው የታጠበ ይርጋጨፌ ነው። ጥሬውን እገዛለሁ፣ እናቴ ብረት ምጣድ ላይ ትቆላልኛለች። ሚዛን ስለሌለኝ 15 ግራሙን በ3 ማንኪያ ፍሬ ገምቼ ነው።

ቀላል ነገር ሊመስላችሁ ይችላል። ለእኔ ግን ከቤት ወጥቼ ታክሲ ሰልፍ ላይ ከመቆሜ በፊት ያለችኝ ጸጥታ ይህች ብቻ ናት፤ በወጉ ላፈላት እፈልጋለሁ። ስንት ላይ ላድርገው?


ሙቀጫ ይሻላል | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40

ወንድሜ፣ እናትህ ቡና የሚቆሉ ከሆነ ሙቀጫና ዘነዘናም አይጠፋቸውም። እኔ ስወቅጥ ድምፁን ነው የምሰማው። መጀመሪያ ፍሬው ይንኮሻኮሻል፣ ከዚያ ድምፁ እየታፈነ ይሄዳል፤ ሲታፈን አቆማለሁ። በወረቀት አፍልቼ ስለማላውቅ በእሱ አልፈርድም። ለጀበና ግን ከዚህ የሚበልጥ አላየሁም።


ሽክርክሪት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:05

ዜሮህን ከየት ነው የምትቆጥረው? እሱን ሳናውቅ 24ም 12ም ባዶ ቁጥር ነው። ክሊክ የሚነግርህ ጥርሶቹ ከተነካኩበት ቦታ ምን ያህል እንደተራራቁ ነው፤ መነሻው ከተዛነፈ ሁሉም ይዛነፋል።

ሰው የሚለያየው ዜሮ ሁለት ዓይነት ስለሆነ ነው። አንዱ ማስተካከያውን እስከ መጨረሻው ጠርቅመህ እጀታው አልዞር ሲል ያለው ነው። ሌላው ጥርሶቹ ገና መነካካት ሲጀምሩ ያለው ነው፤ እጀታው ይዞራል፣ ግን ጭርጭር የሚል ድምፅ ይሰማል። እኔ ጋ ባለው መፍጫ በሁለቱ መካከል 3 ክሊክ አለ። ስለዚህ አንዱ 20 የሚለው ሌላው ጋ 17 ይሆናል፤ ሁለቱም አልዋሹም።

እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። መፍጫውን ባዶ አድርጌ በብሩሽ አጸዳዋለሁ፤ ጥርሶቹ መካከል አንዲት ስባሪ ከቀረች ዜሮው ይሳሳታል። ከዚያ በጎኑ አጋድሜ በግራ እጄ እይዘውና እጀታውን ሽቅብ አንስቼ እለቀዋለሁ። ጥርሶቹ ካልተነካኩ እጀታው በራሱ ክብደት ዘጭ ብሎ ይወርዳል። አንድ ክሊክ አጠብቃለሁ፣ እንደገና አንስቼ እለቃለሁ። እንዲህ እያልኩ ስሄድ አንድ ቦታ ላይ እጀታው ይዘገይና ግማሽ መንገድ ላይ ቀጥ ይላል። ዜሮ እሱ ነው። እዚያ ላይ በማይለቅ ቀለም ከሥሩ ነጥብ አድርግበት። በጉልበት እስኪጠረቀም አትሂድ፤ ብረት ከብረት ሲፋጭ ስለቱ ይጎዳል።

ፍሬ ውስጡ እያለ ወደ ደቃቅ አታዙረው። ጥርሶቹ መካከል የተያዘው ፍሬ ማስተካከያውን ይመልሰዋል፤ አንተ 16 አድርጌዋለሁ ስትል እሱ ሌላ ቦታ ላይ ነው። የግድ ከሆነ እጀታውን በቀስታ እያዞርክ አጥብቅ። ወደ ሻካራ መመለሱ ግን ምንም ችግር የለውም።

ለማጽዳት ስትፈታው ደግሞ ሞላውና ሮንዴላዎቹ በምን ቅደም ተከተል እንደወጡ በስልክህ ፎቶ አንሳ። አንድ ሮንዴላ ከጠፋ ወይም ከተገለበጠ ዜሮው ይሸሻል፣ ዘንጉም መወዛወዝ ይጀምራል። ዘንጉ የሚወዛወዝ መፍጫ በተለይ ሻካራ ላይ ትልልቅ ስባሪና ዱቄት ቀላቅሎ ነው የሚያወጣው። ከስባሪው ኮምጣጣ፣ ከዱቄቱ መራራ በአንድ ስኒ ታገኛለህ። የርካሽ መፍጫ ችግር ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ ዘንጉን ከላይም ከታችም የሚይዝ ኩሽኔታ የለውም።


ወርቅ ሠሪ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:20

ማንኪያውን ተወው። እኔ ፒያሳ ወርቅ ቤት ነው ያደግኩት፣ ሚዛን ሥራዬ ነው። አንድ ቀን 3 ማንኪያ ፍሬ እያልኩ 5 ጊዜ ስመዝን አንዱ 13 ግራም፣ አንዱ 17 ግራም ወጣ። ጠቆር ብሎ የተቆላ ፍሬ ያብጣል፣ ክብደቱም ይቀላል፤ ፈካ ብሎ የተቆላው ደግሞ ትንሽና ከባድ ነው። ያንኑ ማንኪያ ሞልተህ ሌላ መጠን ነው የምታፈላው። አንድ ቀን ግሩም ሌላ ቀን ኮምጣጣ የሚሆንብህ ግማሹ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። 0.1 ግራም የምትለይ ትንሽ ሚዛን ግዛ፤ ውሃውንም በሷው ላይ መዝን።


ማሽን ላይ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:10

ሥራ አሁን ነው የወጣሁት፤ ስታዲየም አካባቢ ካፌ ውስጥ ማሽን ላይ ነኝ። ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። ማንም ያላነሳው ግን አለ። ያ ቪዲዮ የተቀረጸበት አገር ውሃ በስንት ዲግሪ ነው የሚፈላው?

በባሕር ጠለል ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ የመፍያው ሙቀትም በየ300 ሜትሩ በ1 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። አዲስ አበባ በአማካይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አራት ኪሎና ፒያሳ ደግሞ ከቦሌ ከፍ ይላሉ። ስለዚህ አንተ ጋ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ብታንተከትከው ይተናል እንጂ አይሞቅም። ቪዲዮው 96 ዲግሪ ውሃ አፍስሱ ሲል እዚህ ከተማ ውስጥ በክፍት ዕቃ እንዲህ ያለ ውሃ የለም። ይባስ ብሎ «ከፈላ በኋላ 1 ደቂቃ ይቀዝቅዝ» ይላሉ። እኛ ያንን ካደረግን 88 ላይ ነን።

ሙቀቱ ሲያንስ ውሃው ከቡናው የሚያወጣው ያንሳል። መጀመሪያ የሚወጣው ኮምጣጣው ነው፤ ጣፋጩ ይከተላል፣ መራራው መጨረሻ ላይ ነው። ቀዝቀዝ ያለ ውሃ በሻካራ ቡና መካከል ሮጦ ሲያልፍ ኮምጣጣውን ብቻ ይዞ ይወርዳል። የጠጣኸው እሱን ነው።

ሙቀት መጨመር ካልቻልን ቡናውን ደቀቅ እናደርጋለን፤ ውሃው የሚነካው ገጽ ይሰፋል፣ ቆይታውም ይረዝማል። እኔ ከውጭ ቪዲዮ የማየውን ማንኛውንም ቁጥር መጀመሪያ በሩብ ያህል ወደ ደቃቅ እቀንሰዋለሁ፣ ከዚያ በምላሴ አስተካክላለሁ። ውሃውን ከእሳት እንደወረደ አፍስስ። ማጥለያውንና ስኒውን አስቀድመህ በፈላ ውሃ አሙቃቸው፤ ሸክላ ከሆነ በተለይ ሙቀቱን ይጠጣብሃል።

ካፌ ውስጥ ይህ ችግር አይታይም፤ የኤስፕሬሶ ማሽን ውስጥ ውሃው ታፍኖ በግፊት ስለሚሞቅ ከፍታው አይገታውም። ለዚህ ነው ለዓመታት ማኪያቶ ሳወጣ ያልገባኝ። ቤቴ በወረቀት ማፍላት ስጀምር አንድ ወር ሙሉ ኮምጣጣ ጠጥቼ ነው የደረስኩበት።

አንድ ጥያቄ ደግሞ፦ እናትህ በቆሉት በስንተኛው ቀን ነው የምታፈላው?


ሰባ ደረጃ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:30

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እናቴ የምትቆላው ቅዳሜ ነው፣ በዚያው ቀን ወይም እሁድ ጠዋት ነው የምጀምረው። ስትጠይቀኝ ወደ ኋላ ተመልሼ አሰብኩ፤ ግሩም የሆነችው ሐሙስ ነበር። የኮመጠጠችው እሁድና ሰኞ።

ሽክርክሪት፣ ያልከውን ማታ ሠራሁ። ጠርቅሜ ነበር የምቆጥረው። እጀታው ቀጥ የሚልበትና የሚጠረቀምበት በ2 ክሊክ ይለያያሉ። ስለዚህ 18 የምለው በአንተ አቆጣጠር 16 ነው ማለት ነው።


ማሽን ላይ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:05

በቃ ተገኘ። ገና የተቆላ ቡና ውስጡ ጋዝ አለ። የፈላ ውሃ ሲያርፍበት እንደ ሊጥ ኩፍ የሚለው ለዚያ ነው፤ እየወጣ ያለው ጋዝ ውሃውን ይገፋዋል፣ ቡናው በደንብ አይርስም። ለወረቀት ማጥለያ ከ4 እስከ 7 ቀን ይረፍልህ። ከዚያ በፊት ማፍላትህ ካልቀረ መጀመሪያ 40 ግራም ውሃ ብቻ አፍስስና ሙሉ 1 ደቂቃ ጠብቅ፣ ኩፍታው ሲተኛ ቀጥል። ለጀበና ግን የዕለቱን ብትጠጣ ችግር የለም፤ እየተንተከተከ ጋዙ ይወጣል።


ጠዋት 12 ሰዓት | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:20

አራት ኪሎ ተማሪ ነኝ፤ 92 ዲግሪ የተባለውን ላረጋግጥ ብዬ ዛሬ ቤተ ሙከራ ውስጥ ውሃ አፈላሁ። ቴርሞሜትሩ 92 ላይ ደረሰና ቆመ። እሳቱን ጨመርኩለት፣ አረፋው በረታ፣ ቁጥሩ አልነቃነቅ አለ። በመጽሐፍ ደጋግሜ ያነበብኩት ነገር ነው፤ በገዛ ዓይኔ ሳየው ግን ደስታዬ ልዩ ነበር።

እኔም የእጅ መፍጫ ነው ያለኝ። መብራት ጠፋ አልጠፋ ጠዋት ቡናዬን እንደማገኝ ስለማውቅ በጣም እወደዋለሁ። ሁለት ጥያቄ አለኝ። ሩዝ በመፍጨት ማጽዳት ይቻላል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ እውነት ነው? ደግሞ በዚህ ደረቅ ወቅት የተፈጨው ቡና ግድግዳው ላይ እየተለጠፈ ግማሹ ይቀርብኛል።


ሽክርክሪት | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9:00

ሩዙን ተይው፣ ወይም ተወው፤ ወንድም ሁን እህት አላወቅኩም፣ ይቅርታ። ጥሬ ሩዝ ከተቆላ ቡና በጣም ይጠጥራል፤ ለቡና የተሠራ ጥርስና ቀጭን ዘንግ ላይ ጭነት ነው። ዱቄቱም ከቡናው ቅባት ጋር ተጋግሮ ጥግ ጥጉን ይይዛል። ፈትቶ በደረቅ ብሩሽ መጥረግ በቂ ነው፣ እኔ በ2 ሳምንት አንዴ አደርገዋለሁ። ብረት ጥርስ ውሃ ከነካው ይዝጋል፤ የሴራሚክ ከሆነ ይታጠባል፣ ግን እስኪደርቅ መታገስ ነው። ሳይጠረግ የከረመ መፍጫ የቡናው ቅባት ይሻግትበታል፤ ከዚያ በኋላ የፈለገ ክሊክ ላይ ብታደርጊው ቡናው የቆየ ዘይት ዘይት ይላል።

የሚለጠፈው ኤሌክትሪክ ይዞ ነው። የማንኪያ ጭራ ውሃ ውስጥ ነክረሽ ፍሬውን አማስይበት። አንዲት ጠብታ ትበቃለች፤ ከዚያ ካለፈ ለብረቱ ጥሩ አይደለም።


ጠዋት 12 ሰዓት | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9:25

እህት ነኝ። አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ የማንኪያውን አሁኑኑ ሞከርኩ፣ ሠራ!


ቡናው ይስከን | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:45

ልጆቼ፣ ስታወሩ ሳነብ ነበር። እኔ ካሳንቺስ ነው የኖርኩት፣ ሠፈሩ ከመፍረሱ በፊት 30 ዓመት ቡና አፍልቼ ጎረቤት ጠርቼበታለሁ። ስለ ወረቀቱ አላውቅም። ስለ መድቀቅና መሻከር ግን ትንሽ አውቃለሁ።

ቁጥር የማይገባው ሰው በጣቱ ይለካ። የተፈጨውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይዘህ እሸው። እንደ ሽሮ ጣትህ ላይ ተለጥፎ ከቀረ በጣም ደቋል፤ ጀበና ውስጥ አይሰክንም፣ ብትጠብቀው ብትጠብቀው ስኒ ላይ ይወርዳል፣ ሰው አተላ ይጠጣል። እንደ ቅንጬ ከጎረበጠህ ደግሞ ሻክሯል፤ አቦሉ ውሃ ውሃ ይላል። ለጀበና ከስኳር ደቀቅ፣ ከበሶ ሻከር ያለ ነው። ሲታሽ አሸዋ አሸዋ ይላል፣ ስታራግፈው ከጣትህ ላይ ጥቂት ብናኝ ብቻ ይቀራል።

ሙቀጫ ይሻላል ያልከው ልጅ፣ እውነትህን ነው። ምክንያቱ ግን ድምፁ ብቻ አይደለም። ዘነዘና እኩል አድርጎ አይፈጭም። ከሥር ያለው ዱቄት ሲሆን ከጎን ያለው ስባሪ ሆኖ ይቀራል። ዱቄቱ አቦሉን ያወፍረዋል። ስባሪው ቶሎ አይለቅም፣ ለቶናና ለበረካ ይተርፋል። ልጄ በኤሌክትሪክ መፍጫ እኩል አድርጋ ፈጭታ ስታፈላ አቦሉ ያምራል፣ በረካው ግን የታጠበ ስኒ ውሃ ነው።


ማሽን ላይ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:30

እትዬ፣ ይህንን ያህል ዓመት ቡና ስሠራ እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው የለም። እኛ ሥልጠና ላይ የምንማረው ሁሉም ቅንጣት እኩል ይሁን የሚል ነው፤ ቡናው አንዴ ብቻ በሚፈላበት ልክ ነው። ሦስት ጊዜ ለሚፈላ ግን እርስዎ ያሉት የሚያስኬድ ነው፤ ትልቁ ቅንጣት ቀስ ብሎ ስለሚለቅ ለሦስተኛው የሚተርፍ ነገር ይኖረዋል።

ሰባ ደረጃ፣ እርስዎ ያሉትን የጣት መለኪያ ለሌላውም ተጠቀምበት። ለወረቀት ማጥለያ የደረቀ ስኳር ያህል፣ ለኤስፕሬሶ ወደ ሽሮ የሚጠጋ፣ በመጫኛ ለሚጠለለው የፈረንሳይ ማፍያ ከቅንጬ ትንሽ ደቀቅ ያለ። ቁጥሩ ከመፍጫ መፍጫ ይለያያል። ኮማንዳንቴ የሚባለው የእጅ መፍጫ ላይ አንድ ክሊክ 30 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺህኛ) ገደማ ነው፤ ሌላው ላይ አንዱ ክሊክ የዚያን እጥፍና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ስኳር ግን የትም ስኳር ነው።


ሰባ ደረጃ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:00

ውጤት ይዤ መጥቻለሁ። ሚዛን ገዛሁ። እናቴ ቅዳሜ የቆላችው 5ኛ ቀኑ ነው። ዜሮዬ እጀታው ቀጥ የሚልበት ነው፣ ነጥብ አድርጌበታለሁ። ሦስቱንም 15 ግራም ቡና፣ 250 ግራም ውሃ፣ ከእሳት እንደወረደ፣ ማጥለያው በፈላ ውሃ ሞቆ። ከመፍጫው በስተቀር ምንም አልቀየርኩም።

20 ላይ፦ 2 ደቂቃ ከ05። ካለፈው ይሻላል፣ ግን አሁንም ስስ ነው፣ ኮምጣጣው ቀድሞ ይመጣል።

15 ላይ፦ 3 ደቂቃ ከ50። መጨረሻ ላይ ውሃው እያቅማማ ነው የወረደው፣ ወረቀቱ ላይ ጭቃ የመሰለ ነገር ተለጠፈ። ሲጠጣ ወፍራም ነው፣ ከዋጥኩት በኋላ ግን ያልበሰለ ሙዝ እንደበላሁ ምላሴን ያዘኝ።

17 ላይ፦ 2 ደቂቃ ከ50። ይህን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። የአበባው ጠረን ከስኒው አፍ ላይ ነው የተቀበለኝ። ኮምጣጣው አለ፣ ግን እንደ ብርቱካን ከጣፋጭ ጋር ነው። በረድ ሲል ጭራሽ ጣፈጠ፣ ማር ማር አለኝ። ይርጋጨፌ እንዲህ ነው ሲባል የሰማሁትን ዛሬ ገና በገዛ ቤቴ ቀመስኩት። ወጥ ቤት ቆሜ ነው የጨረስኩት፣ ሳሎን እስክደርስ አላስቻለኝም።

ጥያቄ፦ ነገ ሌላ ቡና ብገዛ በዚሁ 17 እቀጥል?


ሽክርክሪት | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:15

እንኳን ደስ ያለህ!

ከ17 ጀምር፣ ግን አትመነው። ከፍ ካለ ቦታ የመጣና ፈካ ብሎ የተቆላ ፍሬ ጠጣር ነው፤ እጀታው ሲከብድህ በእጅህ ታውቀዋለህ። ጠቆር ብሎ የተቆላው ይሰባበራል፣ ቶሎም ይለቃል፤ እሱን 1 ወይም 2 ክሊክ ወደ ሻካራ መልሰው። ብረት ምጣድ ላይ የተቆላ ደግሞ ፍሬው ሁሉ አንድ ዓይነት መልክ አይኖረውም፤ ከመፍጨትህ በፊት የከሰሉትንና ነጣ ያሉትን ለቅመህ ብታወጣ ሌላ ክሊክ ከመፈለግ ይሻላል።

ስትፈጭ መፍጫውን ትንሽ ዘንበል አድርገህ ያዘው፣ አትቸኩል። ፍሬው ጥቂት ጥቂት እያለ ሲገባ ዱቄቱ ያንሳል።


ወርቅ ሠሪ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:40

እኔ ጋ ያልታጠበ ሐረር አለ፣ በአንተው አሠራር ሞክሬው 3 ደቂቃ ከ30 ወሰደብኝ፣ ጫፉ ላይ መረረኝ። 2 ክሊክ ወደ ሻካራ መለስኩት፣ ተስተካከለ። ዋናው አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየርህ ነው። እኔ መፍጫውንም የቡናውን መጠንም አንድ ላይ እየቀያየርኩ ብዙ ቡና አባክኛለሁ።


ሰባ ደረጃ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8:10

እትዬ ቡናው ይስከን፣ ይህ ጥያቄ ለእርስዎ ነው። እናቴ መፍጫውን አይታ ወደደችው፤ ትከሻዋን ስለሚያማት ዘነዘና እየከበዳት ነው። ለጀበና ልፍጭልሽ ብያት 11 ላይ ፈጨሁ፣ በጣቴም እንዳሉት አሸዋ አሸዋ አለኝ። ሰክኖ ነው የወረደው፣ አንድ ብናኝ ስኒ ላይ አልመጣም። አቦሉን ወደደችው። ቶናው ደህና። በረካው ላይ ግን ስኒውን ረከቦቱ ላይ መልሳ አስቀምጣ «ይሄ የኔ ቡና አይደለም» አለችኝ። ልክ እርስዎ እንዳሉት ሆነ። ምን ላድርግ?


ቡናው ይስከን | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 12:30

እግዜር ይስጥህ ልጄ፣ ለእናትህ ትከሻ ማሰብህ ነው ደስ ያለኝ።

ሁለት ጊዜ ፍጭ። ከሦስት እጅ ሁለቱን ካሁኑ ትንሽ አድቀው፣ አንዱን እጅ አሻክረው፣ ከዚያ ቀላቅለው። ሙቀጫው የሚሠራውን በእጅህ ትሠራዋለህ ማለት ነው። ከፈላ በኋላ ማቶቱ ላይ አዘንብለህ አስቀምጠውና ዝም በለው፤ አንዴ ከሰከነ አትነቅንቀው። ስትቀዳ ደግሞ ሳታቋርጥ ከአንዱ ስኒ ወደ ሌላው እለፍ። ቀና አድርገህ መልሰህ ካዘነበልከው ይበጠበጣል።


ሰባ ደረጃ | እሁድ፣ ከቀኑ 10:20

30 ግራም በ10፣ 15 ግራም በ17 ፈጭቼ ቀላቀልኩ። ሳልነግራት አፈላሁ፣ እሷ ከጎረቤት ጋር ወሬ ይዛ ነበር። አቦሉን ጠጣች፣ ቶናውን ጠጣች፣ ምንም አላለችም። በረካውን ፉት ስትል ወሬዋን አቋረጠችና ወደኔ ዞራ «ማን ወቀጠልህ?» አለችኝ።


ሙቀጫ ይሻላል | እሁድ፣ ከቀኑ 10:45

ስንት ስኒ ውሃ ነበር? እኔም ለእናቴ ልሞክርላት ነው።


ሰባ ደረጃ | እሁድ፣ ከቀኑ 10:50

ለአቦሉ 6 ስኒ። ለቶናው 5፣ ለበረካው 4። ነገ ማታ ና፣ መፍጫውን ውሰደውና ሞክርበት፤ ሰባ ደረጃ ሥር እጠብቅሃለሁ። ጥርሱን ጠርጌ ነው የምሰጥህ፣ ነጥቧን ግን እንዳትፍቃት።